የአንባቢያን ጥያቄ፦ ርካሽ የእንጨት ፍሉት በምን ይለያል?

ስለ አየርላንድ ባህላዊ ሙዚቃ ከጻፍን ወዲህ የሚደርሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ፍሉት ናቸው። በተለይ ስለ ርካሹ የእንጨት ፍሉት። ለዚህ ዕትም አምስቱን መርጠናል። የመጀመሪያውን ሰፋ አድርጌ መልሼዋለሁ፤ የብዙዎቻችሁ ችግር እዚያው ውስጥ አለ።

ከደብሊን

«ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ። ደብሊን የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሰፈራችን ባለ መጠጥ ቤት ሐሙስ ሐሙስ ማታ ሰዎች ተሰብስበው የአገራቸውን ዘፈን ይጫወታሉ፤ ፍሉቱን ስሰማ ልቤ ይሄዳል። ባለቤቴ ይህን አይቶ ከኢንተርኔት በ80 ዩሮ የእንጨት ፍሉት ገዛልኝ። ሮዝውድ ነው ይላል፣ ስድስት ቁልፍ አለው፣ ቀይ ከፋይ በተለበጠ ሳጥን ነው የመጣው። ሲያዩት በጣም ያምራል። ስነፋው ግን የላይኞቹ ድምፆች ቀጭን ናቸው፣ ወደ ታች ስወርድ ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ወራት ሞከርኩ። ጥፋቱ የኔ ነው ወይስ የፍሉቱ? ባለቤቴ እንዳያዝን ብዬ ዝም ብያለሁ፤ እባክዎ ይንገሩኝ።»

እህቴ፣ ከገለጽሽው ተነስቼ ስገምት ጥፋቱ ባብዛኛው የፍሉቱ ነው። ግን በግምት አንሂድ፣ እቤትሽ ሆነሽ ራስሽ ልታረጋግጪው ትችያለሽ።

ከቁልፎቹ ጀምሪ። ርካሽ ፍሉት ላይ ያለ ቁልፍ ለዓይን ነው የተሠራው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር አንድ ቀዳዳ አለ፤ የቁልፉ ትራስ በትክክል ካልተቀመጠ አየር በዚያ ያመልጣል፣ ትንሽ አየር ካመለጠ ደግሞ የታችኞቹ ድምፆች ይሞታሉ። ስለዚህ እያንዳንዱን ቁልፍ ቀስ ብለሽ ከፍ አድርጊና ሥሩ ያለውን ቀዳዳ በስስ ፕላስተር ሸፍኚው። ከዚያ ንፊ። ፍሉቱ ድንገት ነፍስ ከዘራ በሽታው ተገኘ፤ ቁልፎቹን ለዘለዓለም ዘግተሽ በስድስቱ ቀዳዳ ብቻ ብትጫወቺ ምንም አይቀርብሽም። የአየርላንድ ዳንስ ዜማዎች ባብዛኛው በዲ እና በጂ ቅኝት ነው የሚጫወቱት፣ ለነዚህ ቁልፍ የሌለው ፍሉት ይበቃል። እዚያ መጠጥ ቤት ከሚነፉት መሐል ቁልፍ የሌለው ፍሉት የያዘ ሰው ብታዪ እንዳይገርምሽ።

ለውጥ ከሌለ ወደ ቀጣዩ። የጭንቅላቱን ክፍል፣ የአፉ ቀዳዳ ያለበትን፣ ንቀይና የቀረውን አካል ያዢ። የታችኛውን ጫፍ በጎማ ወይም በቡሽ ድፈኚ፣ ስድስቱን ቀዳዳ በጣቶችሽ ዝጊ፣ ከላይ በአፍሽ አየሩን ምጪና ምላስሽን ጫፉ ላይ አስቀምጪ። ጤነኛ ፍሉት ምላስሽ ላይ ተጣብቆ ጥቂት ሰከንድ ይቆያል። ወዲያው ከለቀቀ የሆነ ቦታ ይተነፍሳል። ጭንቅላቱንም እንደዚሁ ፈትሺው፤ የአፉን ቀዳዳ በአውራ ጣትሽ ዘግተሽ ከሌላው ጫፍ ምጪ። ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱ ውስጥ ከብረቱ ቱቦ በላይ ያለው እንጨት ይሰነጠቅና በዓይን አይታይም፣ ይህ ሙከራ ግን ያጋልጠዋል።

አሁን ጣትሽን ከፍሉቱ የምንለይበት ላይ ደረስን። በግራ እጅሽ ብቻ የሚነፉትን ሦስቱን ድምፆች ንፊ፤ ቢ፣ ኤ እና ጂ። እነዚህ ወፍራምና ጥርት ያሉ ሆነው ቀኝ እጅሽን ስትጨምሪ ብቻ የሚጠፉ ከሆነ፣ ወይ ፍሉቱ ይተነፍሳል ወይ የቀኝ እጅሽ የቀለበት ጣት ቀዳዳውን በደንብ አልዘጋውም። የቀለበት ጣት የጀማሪ ሁሉ ችግር ነው፣ በሺህ ዩሮ ፍሉት ላይም ያጋጥማል፣ በልምምድ ይስተካከላል። ቢ፣ ኤ እና ጂ ራሳቸው ቀጭንና ፉጨት የበዛባቸው ከሆኑ ግን ጣትሽን ተይው። በደብዳቤሽ የላይኞቹም ቀጭን ናቸው ብለሻል፤ ስለዚህ አየር ማምለጡ ብቻ አይደለም፣ የአፉን ቀዳዳ እጠረጥራለሁ።

የፍሉት ዋናው ነገር ይህ ቀዳዳ ነው። ሠሪው ሙያውን የሚያሳየው እዚህ ላይ ነው፣ ገዢውም ገንዘቡን የሚከፍለው ለዚህ ነው። መብራት ሥር ያዢና እዪው። እስትንፋስሽ የሚመታው የማዶው ጠርዝ ጥርት ብሎ የተቆረጠ መሆን አለበት። ርካሾቹ ላይ በመሰርሰሪያ ተበስቶ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ በቫርኒሽ የተለበጠ ክብ ቀዳዳ ነው የምታገኚው፤ ጠርዙ ዶልዱሟል። አየሩ የሚሰነጠቅበት ስለት ከሌለ ድምፅ ከየት ይመጣል? ቀዳዳው ወደ ውስጥ ሲገባም ትንሽ እየሰፋ መሄድ አለበት፤ ይህን የሚያደርገው የሠሪው ቢላ እንጂ መሰርሰሪያ አይደለም። የግድግዳው ውፍረት እዚያ ቦታ ላይ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ጥሩ ነው። በጣም ስስ ከሆነ ድምፁ ይሳሳል።

እግረ መንገድሽን ቡሹን እዪው። ከአፉ ቀዳዳ በስተግራ ጭንቅላቱ ውስጥ የተወተፈ ቡሽ አለ። ከቀዳዳው መሐል እስከ ቡሹ ፊት 19 ሚሊ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። እርሳስ አስገብተሽ ምልክት አድርገሽ ለኪ። ሲላክ ተገፍቶ አርባ ሚሊ ሜትር የራቀ ከሆነ ያንን ማስተካከል ምንም ወጪ የለውም፣ ልዩነቱም ትልቅ ነው።

ከዚያ ውስጡን። አካሉን ወደ መስኮት አዙረሽ በቱቦው ውስጥ ተመልከቺ። የአየርላንድ ፍሉት ጭንቅላቱ ውስጥ ቀጥ ያለ፣ 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቱቦ አለው፣ ከዚያ አካሉ ውስጥ ወደ ታች እየጠበበ ሄዶ ጫፉ አካባቢ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ይደርሳል። ይህ ለውበት አይደለም። ቱቦው እስከ ጫፉ ቀጥ ብሎ ከወረደ ሁለተኛው ኦክታቭ፣ ማለትም ጠንከር አድርገሽ ስትነፊ የሚወጡት የላይኞቹ ድምፆች፣ ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም፤ ወደ ታች ይወርዳል። እየጠበበ ሲሄድ ግን ሁለቱ ይታረቃሉ፣ ቀዳዳዎቹም ጣት በሚደርስበት ቦታ ይቀመጣሉ። እንዲህ ያለ ቱቦ ለመፈልፈል ልዩ መሣሪያና ጊዜ ይጠይቃል፤ ርካሽ የሚሠራ ሰው ቀጥ አድርጎ ይበሳና ይጨርሳል። ሁለቱንም ጫፍ ለክተሽ እኩል ካገኘሽው ያንን ፍሉት ማዳን ከባድ ነው።

በመጨረሻ ስልክሽ ላይ ነፃ የቲዩነር (የቅኝት መለኪያ) አፕ ጫኚ። አሥር ደቂቃ ነፍተሽ ፍሉቱን አሙቂው። ጭንቅላቱ ላይ ያለውን የማስተካከያ ቱቦ ጥቂት ሚሊ ሜትር አውጥተሽ ጂን ከመለኪያው ጋር አስማሚ፣ ከዚያ ሌሎቹን አንድ በአንድ እዪ። ሴንት ማለት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው፤ ከ10 እስከ 15 ሴንት የሚደርስ መዛነፍ በከንፈር ይስተካከላል፣ ጥሩ ፍሉትም ያንን ያህል ይጠይቅሻል። ኤፍ ሻርፕ እና ሲ ሻርፕ ትንሽ ዝቅ ቢሉ አትፍረጂባቸው፤ የድሮዎቹ ታላላቅ ፍሉቶች ላይም ያለ ጠባይ ነው። ሠላሳና አርባ ሴንት የሚዛነፍ ድምፅ ግን ሰው አይጠግነውም። እንዲህ ያለ ፍሉት ጆሮሽንም ያበላሻል፣ እኔን የሚያሳስበኝም ከሁሉ በላይ እሱ ነው። ጀማሪ ሰው ራሱን እየወቀሰ ከንፈሩን እያጣመመ ይለማመዳል፣ በኋላ ጥሩ ፍሉት ሲይዝ ደግሞ ያንን ጠማማ ልማድ ማራገፍ ሌላ ሥራ ይሆንበታል።

እነዚህ ሮዝውድ የሚባሉ ፍሉቶች ብዙዎቹ ከፓኪስታን ነው የሚመጡት። እዚያ ሲያልኮት የምትባል ከተማ አለች፤ የእግር ኳስ፣ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ፣ የስኮትላንዶቹን ባግፓይፕም ጭምር ለዓለም የምታቀርብ ናት። ሠራተኞቹ እጃቸው ወርቅ ነው፣ እንጨቱም ብዙ ጊዜ እውነተኛ ሮዝውድ ነው። ጉድለቱ ነጋዴው የሚያዘው መልክ መሆኑ ላይ ነው፤ ፍሉቱ ከሳጥኑ ገብቶ እስኪላክ ድረስ የሚነፋው ሰው የለም። ሁሉም መጥፎ ነው አልልም። አልፎ አልፎ የሚነፋ ይገኛል። ግን ሳይነፉ በፎቶ መግዛት ዕጣ ማውጣት ነው።

እና ምን ታድርጊ? መመለስ የሚቻል ከሆነ መልሺው። ለባለቤትሽም ንገሪው፣ ዝም ማለትሽ ይበልጥ ያሳዝነዋል። በዚያው ገንዘብ መጀመሪያ በዲ የተቃኘ ቲን ዊስል፣ በጫፉ የሚነፋ ትንሽ የቆርቆሮ መሣሪያ፣ ግዢ፤ 15 ዩሮ ገደማ ነው፣ የጣቱ አቀማመጥ ከፍሉቱ ጋር አንድ ነው፣ የተማርሽው ዜማ አንዱም አይባክንም። ጎን ለጎን ለፖሊመር ፍሉት ቆጥቢ። ፖሊመር ማለት ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ስሙን ስትሰሚ አትናቂው። እንግሊዛዊው ቶኒ ዲክሰን የሚሠራቸው አሉ፣ ዴልሪን ከሚባለው ጥቁር ፕላስቲክ የሚሠሩ ሌሎች ሙያተኞችም አሉ። ውስጡና የአፉ ቀዳዳ በወጉ የተሠራ ስለሆነ ዓይንሽን ጨፍነሽ ብትሰሚ ከእንጨት አትለዪውም። ደብሊን ስለሆንሽ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ፤ ከ1951 ጀምሮ የቆየው ኮልታስ የሚባለው የሙዚቃ ማኅበር ዋና ቤቱ እዚያው መንክስታውን ነው፣ ቅርንጫፎቹ ያስተምራሉ። የመጠጥ ቤቱን ፍሉት ተጫዋችም አፍረሽ አትለፊው። እረፍት ሲያደርጉ ሄደሽ ያንቺን ፍሉት አንዴ ንፋልኝ በይው። ከላይ የዘረዘርኩት ሁሉ ቢረሳሽ ይህ አንዱ ይበቃሻል፤ የሠለጠነ ሰው ነፍቶት ካልጮኸ፣ ፍሉቱ ነው።

ከአዲስ አበባ

«ሰላም። ዋሽንት እነፋለሁ፣ ለሠርግና ለክለብ እሠራለሁ። ሪል የሚባለውን ፈጣን የአይሪሽ ዳንስ ዜማ ዩቲዩብ ላይ እየሰማሁ ፍቅር ያዘኝ። እዚህ ፍሉቱ አይገኝም፣ ማስመጣት ደግሞ ውድ ነው። ከሸምበቆ ወይም ከውኃ ቱቦ ራሴ ብሠራ ያዋጣል? ደግሞ አዲስ አበባ ከፍታ ስለሆነች ቅኝቱን አታዛባም?»

ወንድሜ፣ ያዋጣል። እንደ እውነቱ ከሆነ ከ80 ዩሮው ሮዝውድ በእጅህ የምትሠራው ቱቦ ይሻላል።

ሆኖም ከለመድከው የማይጠቅምህም አለ። ዋሽንታችን አራት ቀዳዳ ነው፣ በጫፉ ነው የሚነፋው፤ ቅኝት ሲቀየር ሌላ ዋሽንት ታነሳለህ። የነሱ ስድስት ቀዳዳ ነው፣ በጎኑ ነው የሚነፋው። እስትንፋስህና የጣትህ ቅልጥፍና አብረውህ ይሄዳሉ። ከንፈርህ ግን እንደ አዲስ ይማራል። እነሱ ዜማ የሚያስጌጡት በጣት ነው፤ ቀዳዳውን በፍጥነት ከፍቶ መዝጋት ወይም መታ ማድረግ። ለዋሽንት ተጫዋች ይህ ከባድ አይሆንም ብዬ አምናለሁ። ጆን ማኬና የሚባለውን፣ አየርላንድ ውስጥ የሌትሪም ሰው የሆነውን ፍሉት ተጫዋች ስማው፣ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ውስጥ ሸክላ ያስቀረጸ ነው። ትንፋሹን ራሱን ከበሮ አድርጎታል፤ ከዋሽንት የመጣ ጆሮ ያንን ወዲያው ይይዘዋል።

ለሥራው፣ የውስጡ ስፋት 19 ወይም 20 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው ወፈር ያለ የፒቪሲ ቱቦ ፈልግ። ዝቅተኛው ዲ እንዲወጣ ከአፉ ቀዳዳ መሐል እስከ ታችኛው ጫፍ 53 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ያስፈልጋል። በ56 ጀምርና ቲዩነር እያየህ ጥቂት ጥቂት ቁረጥ፤ የተቆረጠ አይመለስም። ቀዳዳዎቹንም ከታች ጀምረህ አንድ በአንድ፣ መጀመሪያ አጥብበህ ብሳ። ድምፁ ዝቅ ካለ ቀዳዳውን ወደ አፍህ በኩል ሞርደህ ታሰፋለህ፣ ከፍ ካለ በሰም ታጠባለህ። ለደብሊኗ እህታችን የነገርኳት የቀጥ ያለ ቱቦ ችግር አንተም ጋ አለ፤ ሁለተኛው ኦክታቭ ይወርዳል። የቱቦ ፍሉት የሚሠሩ ሰዎች ጭንቅላቱ ውስጥ፣ ከቡሹ ጀምሮ ወደ አፉ ቀዳዳ ሥር እየሳሳ የሚሄድ ትንሽ ሽብልቅ አስገብተው ያስታርቁታል። ከእንጨት ቅረጽና ሞክር፣ ቦታውን ጆሮህ ይነግርሃል። ሸምበቆም ይሆናል። አሜሪካ ቨርጂኒያ ያለው ፓትሪክ ኦልዌል፣ በእንጨት ፍሉት ሠሪነቱ ዓለም የሚያውቀው ሰው፣ የቀርከሃ ፍሉቶችም ሠርቷል።

ከፍታው አያሳስብህ። የአየር ግፊት ማነስ ቅኝት አይለውጥም። የሚለውጠው ሙቀት ነው፤ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ 3 ሴንት ገደማ። ስለዚህ ጠዋት በብርድ የቃኘኸው ከሰዓት ፀሐይ ላይ ከፍ ይላል። ሁልጊዜ ካሞቅከው በኋላ ለካ።

ከሊድስ

«ጤና ይስጥልኝ። ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፣ አሮጌ ዕቃ መሰብሰብ እወዳለሁ። እሑድ ገበያ ላይ ጥቁር የእንጨት ፍሉት አየሁ፤ ስምንት ቁልፍ ያለው፣ ጭንቅላቱ ከዝሆን ጥርስ የተሠራ። ሻጩ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመን ሥራ ነው፣ እውነተኛ የአይሪሽ ፍሉት ነው አለኝ። 250 ፓውንድ ጠየቀ። ለልጅ ልጄ ልግዛለት? የአይሪሽ ዳንስ ቡድን ውስጥ ይጫወታል።»

ጋሼ፣ ለልጁ አይግዙለት።

ሻጩ ግማሽ እውነት ነው የነገርዎት። አየርላንዳውያን የሚነፉት ፍሉት መጀመሪያ የነሱ አልነበረም። ጀርመናዊው ቴዎባልድ በም በ1832 እና በ1847 አዲስ ዓይነት ፍሉት ሲያወጣ የኦርኬስትራ ሰዎች ቀስ በቀስ አሮጌውን የእንጨት ፍሉት ጣሉት፣ የተጣለው በርካሽ ገበያ ወጣ፣ በአየርላንድ የስላይጎ፣ የሮስኮመንና የሌትሪም ገበሬዎችም አነሱት። እነሱ አንስተው ያከበሩት በተለይ የእንግሊዞቹን ነው። ሩዳል ኤንድ ሮዝ የተባሉት የለንደን ፍሉት ሠሪዎች የሠሯቸው አሉ፤ ከዚያ ደግሞ ሮበርት ሲድኒ ፕራተን ለሚባለው ተጫዋች የተሠራው ትልልቅ ቀዳዳ ያለው ዓይነት አለ። የዛሬ ሙያተኞች የሚቀዱት እነዚህን ሁለቱን ነው። ዋናዎቹን ዛሬ በእሑድ ገበያ ዋጋ አያገኟቸውም።

እርስዎ ያዩት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ በጀርመንና በቦሂሚያ በብዛት የተመረተው ይመስለኛል። ቀዳዳዎቹ ትናንሽ ናቸው፣ የታችኛው ድምፅ ለስላሳ ነው፣ ለዳንስ ቡድን ጩኸት አይበቃም። ብዙዎቹ ዛሬ በምንጠቀምበት የቅኝት መለኪያ፣ በ440 ኸርዝ፣ አልተቃኙም፤ ልጁ ከአኮርዲዮኑ ጋር ሊገጥም አይችልም። የዝሆን ጥርስ ጭንቅላት ደግሞ ሳይሰነጠቅ የቆየ ብርቅ ነው። ስምንት ትራስ መቀየር፣ ስፕሪንግ ማስተካከል፣ ስንጥቅ መዝጋት፤ የጥገናው ዋጋ ፍሉቱ ከተገዛበት ሊበልጥ ይችላል።

ሌላም አለ። እንግሊዝ ውስጥ የዝሆን ጥርስ ሕግ ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ከ1975 በፊት የተሠራና የዝሆን ጥርሱ ከ20 በመቶ በታች የሆነ የሙዚቃ መሣሪያ ብቻ ነው ተመዝግቦ የሚሸጠው። ሙሉ ጭንቅላቱ ጥርስ የሆነ ፍሉት ከ20 በመቶው ሊበልጥ ይችላል። ሻጩ ምዝገባውን ያሳይዎት፤ ካላሳየዎት እጅዎን ይሰብስቡ። 250 ፓውንዱን ይዘው ለልጁ በዲ የተቃኘ፣ ቁልፍ የሌለው የፖሊመር ፍሉት ቢገዙለት ነገውኑ ቡድኑ ውስጥ ይጫወትበታል። እጁ ትንሽ ከሆነ ቀዳዳዎቹ ጠበብና ቀረብ ያሉበትን የሩዳል ዓይነት ይጠይቁ። የፕራተኑ ዓይነት የጎልማሳ ጣት ይፈልጋል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

«ሰላም ለዝግጅቱ። ሁለት ፍሉት አይቻለሁ። አንዱ ሮዝውድ 90 ዶላር፣ ሌላው ብላክውድ የተባለ 160 ዶላር። ሻጩ ድምፁን የሚሰጠው እንጨቱ ነው ይላል። እውነት ነው?»

አይደለም። ጆን ኮልትማን የሚባል አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ በ1971 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት አለ። ውስጣቸው አንድ ዓይነት የሆነ ከብር፣ ከመዳብና ከእንጨት የተሠሩ ፍሉቶች አዘጋጀ፤ የሰሙትም የነፉትም ሰዎች ሳያዩ መለየት አልቻሉም። ድምፁ ያለው በቱቦው ቅርጽና በአፉ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ ነው።

እንጨቱ ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ እንጨት ጠርዙን ስል አድርጎ ለዘመናት ያቆያል፣ እርጥበት ሲመጣና ሲሄድ ቅርጹ ቶሎ አይለወጥም። ብላክውድ የተመረጠው ለዚህ ነው። ዛፉ አፍሪካዊ ነው፤ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪዎች ባብዛኛው ከታንዛኒያና ከሞዛምቢክ ነው የሚያስመጡት፣ የእኛም ቆላ ውስጥ ይበቅላል። እውነተኛ ብላክውድ ውድ ነው። በ160 ዶላር፣ ያውም በሙያተኛ እጅ የተሠራ? እኔ አላምንም። ብዙ ጊዜ ሌላ እንጨት ጥቁር ቀለም ተነክሮ ነው። የጣት ቀዳዳዎቹን ውስጥ በእጅ ባትሪ እያቸው፣ ውስጡ ከውጭው ከነጣ ቀለም ነው። እርጥብ ነጭ ጨርቅም ውጭው ላይ ፈተግ አድርግበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ኮኮቦሎ የሚባል ቀይ እንጨት ሲያጋጥምህ ቆዳህ አለርጂ ካለበት ተጠንቀቅ፣ ከንፈር ላይ ሽፍታ የሚያወጣባቸው ሰዎች አሉ። ለዓለም አቀፍ ጉዞ ደግሞ አትጨነቅ። የሮዝውድና የብላክውድ ዝርያ በሙሉ ከ2017 ጀምሮ በዓለም አቀፉ የዱር ዕፅዋትና እንስሳት ንግድ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ገብቶ ነበር፤ ተሠርተው ያለቁ የሙዚቃ መሣሪያዎች ግን፣ ከብራዚል ሮዝውድ ከተሠሩት በስተቀር፣ ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ ነፃ ተደርገዋል።

ከሁለቱ የቱን ልግዛ ካልከኝ፣ አንዱንም።

ከዱባይ

«እንደምን ሰነበታችሁ። ዱባይ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነኝ። አይሪሽ ባልደረቦቼ ጋር ሆነን አንዳንዴ ቤት ውስጥ እንጫወታለን። አንዷ ወደ አገሯ ስትመለስ በሙያተኛ የተሠራ ጥሩ የእንጨት ፍሉት በርካሽ ሸጠችልኝ። ኤሲው ቀን ከሌት ነው የሚሠራው። ይሰነጠቅብኛል ብዬ ፈራሁ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ፤ ርካሽ ጥሩ ፍሉት የሚገኘው እንዲህ ነው፣ ከሚነፋ ሰው እጅ።

ፍርሃትሽ ልክ ነው። ኤሲ አየሩን ያደርቃል፣ እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው የብረት ቱቦ ግን አይኮማተርም። እንጨቱ መሄጃ ሲያጣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሁልጊዜ ሳጥኑ ውስጥ ዝጊው፣ ሳጥኑንም ክዳን ባለው ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አድርጊ፤ አብሮት ቀዳዳ ባለው የሳሙና ማስቀመጫ ውስጥ የረጠበና የተጨመቀ ስፖንጅ ይቀመጥ። ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ግዢ፣ ርካሽ ነው፤ ከ45 እስከ 60 በመቶ መሐል ይሁን። መኪና ውስጥ ለደቂቃ አትተይው።

ሳይነፋ የቆየ ከሆነ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በቀን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ብቻ ንፊው። ስትጨርሺ ውስጡን በጨርቅ አድርቂ። በወር አንዴ ገደማ፣ ደርቆ እያለ፣ ውስጡን በጣም ስስ አድርገሽ የአልሞንድ ዘይት ቀቢው፣ ያድርና ትርፉን ጥረጊ። ቁልፍ ካለው ዘይቱ ትራሶቹን እንዳይነካ።

የሚያስጠነቅቅሽ ምልክት ደግሞ መጋጠሚያዎቹ ላይ ያሉት የብረት ቀለበቶች ናቸው። በጣትሽ ስትነኪያቸው የሚዞሩ ከሆነ እንጨቱ ተኮማትሯል ማለት ነው። ያን ቀን አትንፊው፤ ስፖንጁን አርጥበሽ ዝጊውና ቀለበቶቹ እስኪጠብቁ ጥቂት ቀን ጠብቂ።